የጥምቀቱን መዝሙር ማን ነካው?

ከአዘዞ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት ልጅ አጠገቧ ለተቀመጡት የዜማ መምህሯ ታወራለች።

«የኔታ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር የሚቀመጥበትን ሰርቨር አስተካከልኩት!»

«ምን ሆኖ ነበር?»

«ካንዱ ኮምፒውተር የገባ መዝሙር ለማንም አይከፈትም፤ ከሌላው የገባውን ደግሞ ያገኘ ሁሉ ይለውጠዋል። አሁን ከየትም ይግባ ፈቃዱ አንድ ነው፤ ሁሉም ያነባል፣ የሚያርመው ግን የጻፈው ብቻ።»

«እኔም ያንቺን ማረም አልችልም?»

«አይችሉም።»

«ምነው ልጄ! ያ የጥምቀቱ ሦስተኛ ስንኝ እኮ ቤት አልመታ ብሎኝ ነው የነካካሁት።»

«ለካ ስንኜን የሚለዋውጡብኝ እርስዎ ነዎት!»

እየተያዩ ሳቁ።

«እንግዲያው በቃሌ ላርምሽ፤ ተቀበይኝ።»

እሳቸው አዜሙ፣ እሷ ተቀበለች፤ እኔም መውረጃዬን እያየሁ አለፍኩት።