በጀሶ የተለኩ አርባ በሮች

እናቴ ትሙት ብዬ ልምል ነበር፤ እሷ ግን ከሞተች ስለቆየች መሐላው አይጸናም። ስለዚህ በራሴ እምላለሁ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት ነገር ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም በሮቹን በዓይኔ ባላያቸው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሰውየው የአናጺ ቤት ባለቤት ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ክንዴ» ይለዋል፤ በቤቱ ሜትር የሚባል ነገር ስለሌለ ነው። ጠረጴዛው፣ ቁምሳጥኑ፣ አልጋው፣ በሩ ሁሉ የሚለካው በእሱ ቀኝ ክንድ ነው፤ ከክርኑ እስከ መሀል ጣቱ ጫፍ። አሥራ አንድ ሠራተኞች አሉት። አሥራ አንዱም ክንድ አላቸው፤ ግን የእነሱ ክንድ በዚያ ቤት አይቆጠርም። አንድ ጣውላ ከመቆረጡ በፊት ጋሽ ክንዴ መጥቶ ክንዱን ሊያሳርፍበት ይገባል። አንድ ጊዜ ሳል አስተኝቶት ሠራተኞቹ ጣውላ ተሸክመው መኝታ ቤቱ ድረስ ገብተዋል፤ እሱም ብርድ ልብሱን ገልጦ ለካላቸውና መልሶ ተኛ። ዘወትር ከአፉ የማይለይ አንድ ንግግርም አለው፦ «ማሰብ የእኔ፣ መላግ የእናንተ።»

ታዲያ አንድ ዝናባማ ጠዋት ከደረጃ ተንሸራቶ ያው ቀኝ እጁ ተሰበረ። ከክርኑ በላይ ጀምሮ እስከ ጣቶቹ ሥር ጀሶ ታሰረለት። በዚያው ሰሞን ለአንድ አዲስ ትምህርት ቤት አርባ በሮች እንዲሠራ ታዘዘ። «በግራ እጅህ ለካ» የሚለው ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም «ግራ እጄ ማንኪያ እንኳ በቅጡ አይዝም» ይለው ነበር። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ የየመቃኑን ቁመትና ስፋት በዚያው በታሰረው እጁ ለካ። ጀሶው ክርኑ ላይ አብጦ ክንዱን በሁለት ጣት አስረዝሞታል። ጀሶው ከወለቀ በኋላ ደግሞ ያንኑ ቁጥር ይዞ ጣውላውን በባዶ እጁ ለክቶ አስቆረጠ። ጀሶ ለብሶ አራት ክንድ የነበረው ነገር ጀሶ ሲወልቅ ስንት እንደሚጎድል አንባቢ ራሱ ያስላው። በሮቹ ሲገጠሙ ድመት ጎንበስ ሳትል ከሥራቸው ታልፍ ነበር። በጎናቸው በኩል ደግሞ አስተማሪው ውጭ እንደቆመ ተማሪዎቹን መቁጠር ይችላል።

አርባውም ተመለሱ። ትምህርት ቤቱ ሦስት ሳምንት ሰጠው። በሦስት ሳምንት ካልተተኩ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ወሬው ከተዳረሰ በኋላ ደግሞ ለጋሽ ክንዴ የርግብ ቤት እንኳ የሚያዝዘው አይኖርም።

በሮቹ በተመለሱ በሁለተኛው ቀን ጋሽ ክንዴ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ወረፋ ይጠብቃል። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን መዶሻ ጨብጡ ሲባሉ አልታዘዝ ብለዋል። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ነው። ጣሪያው አንድ ቦታ ያፈስሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል፤ ጠብ ባለ ቁጥር ጥግ ላይ ያንቀላፋ አንድ በሽተኛ ይባንናል። በዚህ መሀል አንዲት ሴት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? እንደምን ከረሙ?»

ቀና ብሎ አያት። ከስድስት ዓመት በፊት ከኪሷ ሜትር አውጥታ የቁምሳጥን ቁመት ስትለካ ይዟት፣ በዚያው ቀን ያባረራት ሠራተኛው ናት። የአናጺ ቤቱ ሰዎች «ሜትሯ» ይሏታል። አሁን የራሷ የእንጨት ሥራ ቤት ከፍታ ሃያ ስድስት ሰው ታሠራለች። ጋሽ ክንዴ ይህንን ሰምቷል፤ ከሰማም ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቷል።

«አለን፣ ምን እንሆናለን» አለ። «አንቺስ ምን አገኘሽ? ሜትሩ ቆረጠሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ሠራተኛዬን ይዤ ነው የመጣሁት። ማሽን ጣቱን ቆርጦት እየሰፉለት ነው።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የሚሰፋው ሐኪሙ አይደል?»

«ሲወጣ የሚያየው ሰው ይኑር ብዬ ነዋ። እርስዎንስ ማን ይዞዎት መጣ?»

ጋሽ ክንዴ ባልዲውን ተመለከተ።

«እግሬ» አለ።

ሃያ ዓመት ሰው ያሠራ ሰው፣ ክፉ ቀን ሲመጣበት የሚያጅበው እግሩ ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ የበር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ብልህ አንባቢ አይስተውም።

«ስለ በሮቹ ሰማሁ» አለች ሜትሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አዘንኩ።»

«ሳትስቂ ቀረሽ?»

«ልዋሽዎት አልችልም፤ ስቄያለሁ። ያዘንኩት ከሳቅኩ በኋላ ነው።»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም። አሥራ አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓይን አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዓይን መሀል ‹ጋሼ፣ ይሄ ነገር አጠረ› ያለኝ የለም። ጠላት ነው ሳበላ የኖርኩት!»

«ድፍረት አይሁንብኝና ጋሼ፣ ቢነግሩዎት ኖሮ ምን ይሏቸው ነበር?»

«ምን እላለሁ? ‹አንተ ብሎ ለኪ!› ነዋ የምለው።»

ከአፉ ሳያስበው አመለጠው። በሥራ ቤቱ ሰው ዝም ሲለው ደስ ይለው ነበር፤ የእሷ ዝምታ ግን ቆጠቆጠው።

«ዛሬ ከሰዓት ቤትዎ ልመጣ አስቤ ነበር፤ እግዜር እዚሁ አገናኘን» ብላ ቀጠለች። «ዋናው አናጺዎ ትላንት እኔ ዘንድ ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ጋሼን ሳላነጋግር መልስ አልሰጥህም አልኩት። እኔ ብቀበለውም ባልቀበለውም ቅዳሜ ይለቅብዎታል። እሱ ከወጣ ደግሞ የሚቀር አይመስለኝም።»

ጋሽ ክንዴ ያመመውን እጁን በደህናው ያዘ። ዋናው አናጺ አሥራ ሰባት ዓመት ከጎኑ የቆመ ሰው ነው። ያለ እሱ አርባ በር በሦስት ሳምንት ቀርቶ በሦስት ወርም አይወጣም።

«ምን ጎደለበት?» አለ። «አልሰደብኩት፣ አልመታሁት።»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹አሥራ ሰባት ዓመት እጄን ብቻ ተከራየኝ፤ ጭንቅላቴን ግን ጠዋት ጠዋት በር ላይ አስቀምጬ ነው የምገባው› አለኝ።»

«እና ምን ላድርግ? ሁሉም እየተነሳ ይለካ? ሁሉም አዛዥ ይሁን? ቤት በሁለት ራስ አይቆምም፣ ልጄ። ደግሞ ካስተማርኳቸው እንደ አንቺ ሄደው ተቀናቃኝ ይሆኑብኛል።»

«እኔ አልሄድኩም ጋሼ። አባረሩኝ።»

«እሺ፣ አባረርኩሽ። ለነገሩ ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ያን ቀን ‹ነይ፣ ይሄ ሜትር ምን ይጠቅመናል?› ቢሉኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ደግሞ እርስዎ አዛዥነትዎን ይተዉ አላልኩም። የሚታዘዘውን ነገር ሁሉም ሊያየው በሚችል ነገር ይዘዙት ነው የምለው። ክንድዎ አብሮዎት ይታመማል፣ አብሮዎት ይተኛል። አንድ ቀን ደግሞ አብሮዎት ይቀበራል። ሜትር ግን ማንም ቢይዘው ያው ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ስንት ሠራተኛ ነበርዎት?»

«አሥራ አንድ።»

«ዛሬስ?»

«አሥራ አንድ» አለና ራሱም ደነገጠ።

«ሁለት ቦታ ሥራ ቢመጣ ክንድዎ አንድ ቦታ ነው ያለው። ለዚያ ነው ያላደጉት። እኔ የመጀመሪያው ዓመት እንደ እርስዎ ነበርኩ፤ ሳትነግሩኝ ምስማር አትምቱ እል ነበር። ታምሜ አንድ ሳምንት ብተኛ ቤቱም አብሮኝ ተኛ። ከዚያ ወዲህ መቃኑን ለአንዱ ሰጠሁ፣ ቀለሙን ለሌላዋ። ሲሳሳቱ ለብቻ እጠራቸዋለሁ፤ ሲያሳምሩ በሰው ፊት እናገራለሁ። ጠዋት ሥራ ሳንጀምር አሥር ደቂቃ ቆመን እናወራለን። መጀመሪያ የሚናገረው ትላንት የተቀጠረው ነው፤ መጨረሻ ላይ እኔ።»

«አንቺ ለምን መጨረሻ ላይ?»

«እኔ መጀመሪያ ከተናገርኩማ ሌላው የሚለው አሜን ብቻ ነዋ!»

ጋሽ ክንዴ ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም። «ቢዳፈሩኝስ?» አለ። ይህቺን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሆዱ ውስጥ ይዟት ኖሯል፤ አንባቢ ሆይ፣ ሜትር ለመከልከሉም ሠራተኞቹን ዝም ለማሰኘቱም ሥሩ ይህችው ፍርሃት ናት።

ሜትሯ ሳትመልስለት የሕክምናው ክፍል በር ተከፈተና አንድ ጎልማሳ ሰው እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ነርሷም ወረፋ ጠባቂውም እያዩ ሜትሯ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«የማሽኑ መከለያ ላልቷል ብለህ ትላንት ነግረኸኛል» አለችው። «ነገ እናጠብቀዋለን አልኩህ። ሰምቼህ አልሠራሁበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማሽኑ ሳይስተካከል ማንም አይነካውም።»

ሰውየው መሬት መሬቱን አየ። ጋሽ ክንዴ አሁን ይሰድባታል ብሎ ጠበቀ። ጣሪያው ይደረመሳል ብሎ ሁሉ ጠበቀ።

«እትዬ፣ እኔም ላልቶ እያየሁ መሥራት አልነበረብኝም» አለ ሰውየው። «መከለያውን በምን እንደምናጠብቀው ሳስብ ነበር፤ ስመጣ አሳይሻለሁ።»

ከዚያ ክንዱን ደግፋ ይዛው ሄደች። የተቆረጠው ጣት አልተመለሰም። ግን ሰውየው በአንድ ጣት ጎዶሎ እጁ ስለ ነገው ሥራ እያሰበ ነበር የወጣው። ጋሽ ክንዴ ሙሉ ጣት ያላቸውን አሥራ አንድ ሰዎች አስታወሰ። ወረፋው ደርሶ ስሙ ሲጠራ በወንበሩ ላይ አልነበረም።

አናጺ ቤቱ ሲደርስ ዝናቡ አላባራም። አርባዎቹ በሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ሠራተኞቹም እንደዚያው። ዋናው አናጺ መላጊያውንና መሮውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው፤ ቅዳሜን አልጠበቀም።

«እስኪ ተሰብሰቡ» አለ ጋሽ ክንዴ። ተሰበሰቡ። ሊያዝዝ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። «ዛሬ የማዝዘው የለም። እነዚህ በሮች እንዳጠሩ ያወቀ ማነው?»

ሁሉም ዓይናቸውን ወደ በሮቹ መለሱ።

«አልቆጣም። አንቺ ንገሪኝ።» ቀለም ቀቢዋን ነው፤ ከሁሉ በኋላ የተቀጠረችው እሷ ናት።

«የመጀመሪያውን በር ስቀባ ነው ያወቅሁት» አለች እጇን በሽርጧ እየጠረገች። «ትምህርት ቤቱን እኔ ነኝ የቀባሁት፤ መቃኑን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ፣ ልጄ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሌሎቹም አንድ በአንድ ተናገሩ። አሥራ አንዱም ያውቁ ነበር። አንዱ እንዲያውም «ምናልባት የልጆች ትምህርት ቤት ስለሆነ ይሆናል ብዬ ነው» አለ፤ የሳቀ አልነበረም። ጋሽ ክንዴ ቆሞ ሰማ። የመጨረሻው ዋናው አናጺ ነበር።

«እኔ ሊነገርዎ እንደማይቻል ያወቅሁት ከበሮቹ በፊት ነው» አለ። «አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ‹አንተስ ምን ይመስልሃል?› ብለውኝ አያውቁም።»

«አሁን ልጠይቅህ» አለ ጋሽ ክንዴ። «ምን ይመስልሃል?»

ሰውየው ወደ ተደገፉት በሮች ዞረ። «የተመለሱት ለመስኮት መዝጊያ ይሆናሉ፤ ማገዶ አታድርጓቸው» አለ። «አዲሶቹን ለሦስት ተከፋፍላችሁ ብትሠሩ ይደርሳል። መለካቱን ለቀለም ቀቢዋ ስጧት፤ ዓይኗ አይስትም። እኔ ግን ደክሞኛል፣ ጋሼ። ሌላ ከተማ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ።» ጥቅሉን ብብቱ ሥር አደረገ። ጋሽ ክንዴ እስከ በር ሸኘው፤ በሩ ላይም በግራ እጁ ጨበጠው፤ ዋናው አናጺም ትከሻውን መታ መታ አድርጎለት በዝናቡ ውስጥ ሄደ።

አሥር ቀሩ። በማግሥቱ ጋሽ ክንዴ ሦስት የመለኪያ ሜትሮች ገዝቶ መጣና ለራሱ ሳያስቀር አደላቸው። ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ቆመው ማውራት ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ሳምንት የሚያወራው ዝናቡ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አንዱ ኮላው ቶሎ አይደርቅም አለ፣ ሌላው ብርሃን ወዳለበት እንውሰደው አለ፣ ወሰዱት፣ ደረቀ። ሁለት በሮች ተበላሹ፤ ያበላሸው ሰው ራሱ መጥቶ ተናገረ፤ በዚያው ቀን ተስተካከሉ። አርባው በር በአሥራ ስምንት ቀን ተገጠመ። ዛሬ በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሰው ይሠራል፤ ሁለት ቦታም ሥራ ይይዛሉ፤ ጋሽ ክንዴ በሌለበትም ጣውላ ይቆረጣል። ሰው ሲታመም ሌላው ቦታውን ይሸፍናል፤ ስህተት ገና ጣውላ ሳለ ይያዛል፤ አዲስ የገባ በሦስት ወር ሙያ ይዞ ይገኛል። ሰው የምታሠራ አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ዋጋውም ሰው ሲናገር ችሎ መስማትና በሰማኸው ላይ መሥራት ብቻ ነው፤ ገና በጊዜው ከሆነ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ድመቷ እውነት ናት፣ ጀሶውም እውነት ነው፣ ብርድ ልብስ ተገልጦ የተለካው ጣውላም እውነት ነው፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። በሩ ላይ መጨባበጣቸው ግን የእኔ ፈጠራ ነው። ጋሽ ክንዴ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ ሰውየው ጥቅሉን አቅፎ፣ ሳያየው አለፈ።