የእናቴ የጉዲፈቻ ልጅ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የነቀምት ጎረቤቶቼ፤ ከቢላ በጭነት መኪና፣ ከጉቶ ጊዳ ጭቃውን በእግራችሁ አቋርጣችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ ቄሶቻችን፣ የወንጌል አገልጋዮቻችን፣ ዛሬ በአንድ መቃብር ዙሪያ ተጠጋግታችሁ የቆማችሁ ሁላችሁም፤ እግዚአብሔር ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።

እኔ ቀለሟ ነኝ። ገበያው በር ላይ አቡጀዲ የምሸጠው ቀለሟ። ከኋላ የቆማችሁት «ሴት በመቃብር ላይ ንግግር ታደርጋለች እንዴ?» እያላችሁ ተንሾካሽካችኋል። ጆሮዬ ገበያ ውስጥ ያደገ ነው፣ ይሰማል። የተነሣሁት ግን አዴ ድርቤ ሞረዳ እህቴ ስለነበረች ነው። እንዴት እህቴ እንደሆነች እነግራችኋለሁ። በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ሬሳ ፊት አይዋሽም። በድርቤ እቀና ነበር። አሁንም እቀናባታለሁ።

እናንተስ አልቀናችሁባትም?

በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ያለውን ቤቷን የማያውቅ ማን አለ? መጀመሪያ የባሏ አባት ጃጁ። የሚበሉበትን እጅ፣ የሚተኙበትን አልጋ ረሱ። ባሏ ሞተና ሽማግሌው እሷ ላይ ቀሩ። «የባሌ አባት አባቴ ነው» ብላ አኖረቻቸው። ከዚያ አንዱ እናቱን አመጣላት። ሌላዋ አጎቷን አመጣች። እንዴት ነበር የምናመጣቸው? ሲመሻሽ! ነጠላ አከናንበን! ሰው ሲጠይቀን «ጠበል ሄደዋል»፣ «ዘመድ ጋ ሊሰነብቱ ነው»። ወላጅን ሰው ቤት ማኖር ነውር ነዋ! ድርቤ ግን አንድም ቀን ነውራችንን አንሥታብን አታውቅም። በሩን ትከፍታለች። «ኮታ፣ አያዮ» ትላለች፤ ይምጡ እናቴ ማለቷ ነው። በቃ።

ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስን ታውቋቸዋላችሁ። ከዚህ ከቆማችሁት ስንታችሁ ላይ ፈርደዋል! ሁሉን ነገር ረስተው ድርቤ ቤት ከገቡ በኋላም መፍረዱን አልረሱም። ጠዋት ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳው ላይ ይሰየማሉ። «ተከሳሽ ይቅረብ!» ተከሳሽ ከየት ይምጣ? ድርቤ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትቆማለች።

«ስምሽ?»

«ድርቤ ሞረዳ፣ ጌታዬ።»

«የሰው በግ ሰርቀሻል።»

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ አልሰረቅሁም!»

«ዋስ አለሽ?»

«የለኝም፣ ጌታዬ። ሰው ሁሉ ያውቀኛል፣ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ግራዝማች ይስቃሉ። ይስቁና ይፈርዳሉ። እስራት! የት? ማድ ቤት! እሷም ታስራ ወጧን ትሠራለች። ምሳ ሲደርስ «ምሕረት ተደርጎልሻል፣ ማዕዱን አቅርቢ» ይሏታል።

ይህን ያዩት ባለቤታቸው እትዬ በዛብሽ፣ ይቅርታ እትዬ፣ እዚሁ ቆመው እየሰሙኝ ነው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ወደ ሱቄ መጡ። «አንቺ ቀለሟ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬያቸው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ከስሰውኝ አያውቁም! ዛሬ ልጠይቃቸው ብሄድ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ባለጉዳይ ካልሆንሽ ችሎት አታጨናንቂ!›»

ሣቁ፣ ሣቁ። እትዬ በዛብሽም ሲነግሩኝ እያለቀሱ ይስቁ ነበር። ሴት የገዛ ባሏ እንዲያስራት ትመኛለች? ትመኛለች! ድርቤ ቤት የገባ ዘመድ ያለው ሰው ይመኛል።

የእኔ ቅናት ግን ከእርሳቸውም ባሰ።

እናቴ አዴ ያደቴ መርሳት ሲጀምራት ከቤት እየወጣች የጉቶ ጊዳን መንገድ ትይዝ ነበር። የአባቷን ላሞች ልታልብ! አባቷ ከሞተ፣ ላሞቹ ካለቁ ዘመን የለውም። እኔ በር ቆለፍኩባት። ጮኸች። እኔም እንደ ሰው ሲመሻሽ ድርቤ ጋ ወሰድኳት። ድርቤ አልቆለፈችም። ጓሮዋ ላም አስራ «አያዮ፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል፣ አንቺ እለቢልኝ» አለቻት። እናቴ መንገዱን ተወችው። እንዲህ ቀላል ነበር! ለምን እኔ አልታየኝም? ለምን እሷ? ቀናሁባት።

ከዚያ የጉዲፈቻው ነገር መጣ። እናቴ በመንገደኛ አስልካ፣ ጉዲፈቻ የሚያስፈጽሙትን አባታችንን ኦቦ ተረፋን «ልጅ ልወስድ ነውና መርቁልኝ» አለቻቸው። ኦቦ ተረፋ ደግ ሰው ናቸው። አሮጊቷ ወላጅ የሞተበት ሕፃን አግኝታለች ብለው፣ እርጥብ ሣር ይዘው፣ ሽማግሌዎች አስከትለው ደረሱ።

«ልጁ የታል?»

እናቴ ድርቤን ጎትታ አቀረበቻት። ሽበት የጀመራት፣ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ ያለባት ሕፃን!

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የአሮጊት ልብ አንሰብርም ብለው ለጨዋታ መረቁ። እናቴ ድርቤ አናት ላይ ቅቤ አደረገች። «እንደወለድኩሽ ነሽ» አለች። «ይሁን! ይሁን!» አሉ። እየሣቁ ወጡ። መንገድ ሲጋመስ ግን ኦቦ ተረፋ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ወንድሞቼ፣ ምን አደረግን? ሣሩ በእጃችን ነበር። ቅቤው አናቷ ላይ ነው። ቃሉ ከአፋችን ወጥቷል።»

ማንም አልሣቀም። በእኛ አገር ጉዲፈቻ ከተመረቀ አይፈርስም፣ የተወሰደችው ከተወለደችው አታንስም። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ የለም። ኦቦ ተረፋ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጡ።

«ቀለሟ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እናትሽ ሴት ልጅ አገኘች።»

«እሰይ! ስንት ወሯ ነው?»

«ታላቅሽ ናት» አሉኝ።

በሳምንቱ ማር ይዤ ሄድኩ። እናቴ ድርቤን «ይህቺ ደግ ሴትዮ ማን ናት?» አለቻት።

«አያዮ፣ ልጅሽ ናት እኮ! የወለድሻት፣ ቀለሟ!»

«አንቺ ባለጌ! በእንግዳ ይቀለዳል? ተነሺ፣ መቀመጫ አምጪላት!»

ድርቤ አንገቷን ደፍታ ወንበር አመጣችልኝ። እሷ እናቴ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። የእናቴ እጅ ሳታስበው ድርቤ ጠጉር ውስጥ ገባ። ወገኖቼ፣ ወንበር እንደዚያ እንደሚያንገበግብ ታውቃላችሁ? እኔ እንግዳ ሆኜ ተከበርኩ፣ እሷ ልጅ ሆና ተሰደበች። ያን ስድብ እንዴት ተመኘሁት!

ይኸው ድርቤን የሳምባ ምች ይዟት ሳንዘጋጅ ወሰደብን። በለቅሶው ድንኳን ምን ተባለ? «ከሠልስት በኋላ ቤቱ ይዘጋል፤ ሁሉም የየራሱን ይውሰድ።» እኔስ ምን አሰብኩ? ከእንባዬ ሥር ደስ አለኝ። እናቴ የእኔ ልትሆን ነው አልኩ። ክፍል አዘጋጀሁ። ላም አስመጣሁ። ዛሬ ጠዋት ሬሳው ሳይወጣ ሄጄ የእናቴን እጅ ያዝኩ። የድርቤን መሞት ነግረናታል። አልቅሳ፣ ደረቷን ደቅታ፣ ፊቷ ሳይደርቅ ረስታዋለች። የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብላለች።

«አያዮ፣ ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ።»

«የት ነው የምሄደው? ልጄ ገበያ ሄዳለች። ስትመለስ ማን ይከፍትላታል?»

ጎተትኳት። መቃኑን ሙጭጭ አለች። «ልጄ ሸክም ይዛ ነው የምትመጣው» አለችኝ። «አንቺ ልጅ የለሽም?»

ለቀቅኳት።

ስለዚህ እናቴ ከዚያ ደፍ አትነሣም። የምነሣው እኔ ነኝ። ከዚህ ስንመለስ ዕቃዬን ድርቤ ቤት አስገባለሁ። የየራሳችሁን ልትወስዱ ያሰባችሁ፣ አትቸኩሉ፤ ቤቱ አይዘጋም። እኔ ድርቤ አይደለሁም። ቁጡ ነኝ፣ ምላሴንም ታውቁታላችሁ። ግን እጅ አለኝ፣ እናንተም እጅ አላችሁ። እንጨት ፍለጡልኝ። ውኃ ቅዱልኝ። የቀረውን እየተሳሳትኩ እለምደዋለሁ።

ድርቤ። አሁን ካንቺ ጋር ነኝ። የነቀምት አፈር ዝናብ የጠገበ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይክበድሽ። እናታችን በር ላይ ናት። ሲበርዳት ጋቢ አለብሳታለሁ። ማነሽ ትለኛለች። ድርቤን የምጠብቅ ነኝ እላታለሁ፣ ጠጋ ብላ ቦታ ትለቅልኛለች። አብረን መንገዱን እናያለን። እኔን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጠብቃኝ አታውቅም። ሞተሽም ትጠበቂያለሽ። ሂጂ እንግዲህ፣ ታላቄ። እንደቀናሁብሽ ደህና ሁኚ።