ቀለበቷን የጣሉት ባክቴሪያዎች

(ሐሙስ ከሰዓት፣ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ። ቴክኒሻኗ ትርሲት የፍሪጁን ቁልፍ ጨብጣለች፤ ኃላፊዋ ዶክተር መኩሪያ ቢጫ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ታቅፈው ቆመዋል።)

መኩሪያ፦ ሌላ ምንም አላልኩሽም፣ አንዲት ብልቃጥ ብቻ ስጪኝ!

ትርሲት፦ የወሰዷትስ የት ደረሰች?

መኩሪያ፦ አልሠራችም አልኩሽ እኮ! ሁለት ሳምንቱ፣ ውሃው ይኸው አሁንም ቢጫ ነው። ያንቺ ባክቴሪያዎች የቆዳ ፋብሪካውን መርዝ፣ ክሮሙን፣ በሦስት ቀን ነበር የሚያጠሩት።

ትርሲት፦ የእኔ? ያሳተሙት ጥናት ላይ የእርስዎ አልነበሩም እንዴ?

መኩሪያ፦ አበልጄ፣ እባክሽ…

ትርሲት፦ አበልጄ አይበሉኝ! የዛሬ ስምንት ወር እሁድ ልጄን ክርስትና አነሱ፤ በማግስቱ ሰኞ፣ እኔ ገና የወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ፣ ይህን ፍሪጅ ከፍተው ወሰዷቸው። ስድስት ዓመት ከቆዳ ፋብሪካው ኩሬ ጭቃ እየዛቅሁ ያገኘኋቸውን!

መኩሪያ፦ በሚቀጥለው ጥናት ስምሽ ይገባል ብያለሁ።

ትርሲት፦ ምን መገቧቸው?

መኩሪያ፦ እ?

ትርሲት፦ ባክቴሪያዎቹን። ስምንት ወር ሙሉ ምን እያበሉ አኖሯቸው?

መኩሪያ፦ ምን ያልሰጠኋቸው አለ? ስኳር፣ እርሾ፣ የሥጋ መረቅ። እንደ ጉድ ነው የተባዙት።

ትርሲት፦ ክሮምስ?

መኩሪያ፦ ምን በደሉኝ ብዬ እመርዛቸዋለሁ?

ትርሲት፦ ወይ ዶክተር! ችሎታው እኮ ዋናው ዘረመላቸው ላይ አይደለም። ጎን ለጎን የሚሸከሟት ትንሽ የዘረመል ቀለበት ላይ ነው፤ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው የምትዘዋወር። መሸከሟ ያደክማቸዋል። መርዝ ካለ ይይዟታል፤ ከሌለ ምን በወጣቸው! የጣሏት ቶሎ ቶሎ ይባዙና ቦታውን ይወርሱታል። እኔ በየሳምንቱ ምግባቸው ላይ ክሮም ጠብ አደርግ ነበር።

መኩሪያ፦ ጥናቱ ላይ እኮ… ዋናው ዘረመል ላይ ነው ብዬ…

ትርሲት፦ ጽፈዋል። እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት።

መኩሪያ፦ ለምን አልነገርሽኝም?

ትርሲት፦ ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በቀይ አለ። ብልቃጧ ደብተሩ ላይ ነበር የተቀመጠችው። አነሷት፤ እሱን አልገለጡትም።

መኩሪያ፦ የቴክኒሻን ማስታወሻ መስሎኝ…

ትርሲት፦ ነው እኮ! ደግሞ ምን አስቸኮለዎት?

መኩሪያ፦ ሰኞ የፋብሪካው ሰዎችና የታች ሰፈር ሽማግሌዎች ፊት የጠራ ጠርሙስ ማሳየት አለብኝ። ከዚያ ኩሬው ወደ ወንዙ ይለቀቃል።

ትርሲት፦ ኩሬው ራሱስ ጠርቷል?

መኩሪያ፦ …ጠርቷል ብዬ ፈርሜያለሁ።

ትርሲት፦ እናቴ ከዚያ ወንዝ ነው የምትቀዳው! ክርስትናው ዕለት ደጋግመው የጠጡት ጠላ በዚያ ውሃ ነው የተጠመቀው። እንደ ወንድም ነበር የማይዎት እኮ።

መኩሪያ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ብልቃጧን ስጪኝና ሰኞን ልለፍ፤ ኩሬውን ማጥራቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ትርሲት፦ (ሁለት ወረቀት ላይ ጽፋ እየዘረጋችላቸው) እሰጥዎታለሁ። መጀመሪያ ይህችን ይፈርሙ።

መኩሪያ፦ ምንድን ናት?

ትርሲት፦ ኩሬው ስላልጠራ እንዳይለቀቅ የምትል ደብዳቤ። አንዷ ለፋብሪካው፣ አንዷ ለቀበሌው።

መኩሪያ፦ ልትቀብሪኝ ነው? ቢያንስ አንቺም ፈርሚበት፤ ሥራው የሁለታችን አይደለም እንዴ?

ትርሲት፦ የለም ዶክተር። የእርስዎን ስም ብቻውን ነው ያሰፈርኩት፤ ጥናቱ ላይ እንዳሰፈሩት።