ስለ ኪያ ቀለበት፦ ድንጋዩ አልተቀየረም

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወርቄ ዘነበ ገላው
ዕድሜ፦ 62
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባል የሞተባት
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት አልገባችም፤ ማንበብና መጻፍ በራሷ ተምራለች
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ኢንስፔክተር ሰላሙ ጉደታ
ጉዳዩ፦ ወርቅ ሠሪው ቶፊቅ የቀለበት ድንጋይ ቀይሯል በሚል የቀረበ አቤቱታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ቃሌን የምሰጠው ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ፣ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም፣ ለወለድኩት ልጅ እንኳ ያልነገርኩት ነገር ስላለ እሱን አስቀድማለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር ወር፣ በልጄ በነአምን ጥሎሽ ላይ፣ የሙሽራዋ ቀለበት በሽማግሌ አፍ «አልማዝ» ተብሎ የተጠራው እኔ እንዲህ በል ስላልኩ ነው። ቀለበቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ድንጋዩ ሞይሳናይት የሚባል፣ አልማዝ የሚመስል ሌላ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ቶፊቅ የተባለው ሰው ሰረቀ የተባለው አልማዝ በዚያ ቀለበት ላይ ኖሮ አያውቅም።

ቀለበቱ የተገዛው ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መገናኛ ከሚገኝ አንድ የጌጣ ጌጥ ሱቅ ነው። የሄድነው ልጄ ነአምን፣ በዚያን ጊዜ እጮኛው የነበረችው ኪያ ጉዲሳ እና እኔ ነን። የመረጠችው ኪያ ራሷ ናት። አልማዝ እንደማትፈልግ፣ ለድንጋይ የሚወጣው ለኑሯቸው ቢውል እንደሚሻላት ከቤት ጀምራ ስትናገር ነበር። በክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለምትሠራና ቀኑን ሙሉ ጓንት ስለምታጠልቅና ስለምታወልቅ፣ ድንጋዩ ከፍ ብሎ የማይቆምና ጓንት የማይቀድ ቀለበት ፈለገች። የሱቁ ሻጭ ኢልሃም የምትባል ወጣት ነበረች። ሞይሳናይት በፋብሪካ የሚሠራ፣ የራሱ ስምና የራሱ ጠባይ ያለው ድንጋይ መሆኑን አስረዳችን።

እኔ አላመንኳትም። ሻጭ ብዙ ሲያብራራ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለኛል። «ብርጭቆ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

«እማማ፣ ብርጭቆ ቢሆን ዓመት ሳይሞላው ተጫጭሮ ያገኙታል። ይኼ እኮ በጥንካሬ ከአልማዝ ብዙ አይርቅም» አለችኝ።

ከዚያ ትንሽ አጉሊ መነጽር ሰጥታኝ ድንጋዩን ከጎን አዘንብዬ እንዳይ አደረገችኝ። የድንጋዩ የጠርዝ መስመሮች ድርብ ሆነው ይታያሉ። አልማዝ ላይ ግን መስመሩ ነጠላ ነው፤ ሞይሳናይት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ መሆኑን ነገረችኝ። አንዱን ብቻ አዘጋጅታ ልታታልለኝ ትችላለች ብዬ ስለጠረጠርኩ ሌሎች ቀለበቶችም እንድታመጣልኝ ጠየቅኩ፤ አልማዝ ያለውንም የሌለውንም አየሁ። ነአምን አፍሮ ወደ ውጭ ወጣ። ኢልሃም ግን «እማማ፣ እርስዎ ፖሊስ መሆን ነበረብዎት» ብላ ሳቀች። አጉሊ መነጽሯን ወድጃት እንደሷ ያለች ገዛሁ፤ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነብባታለሁ።

ስለ አያያዙም ነግራናለች። ድንጋዩ ቅባት ቶሎ ይይዛል፤ ሎሽንም ቅቤም ሲለጠፍበት ይፈዛል። ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ መታሸት አለበት፤ በረኪና ግን ወርቁን ስለሚጎዳ አይነካውም። በቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል «ነ» እና «ኪ» የሚሉ ፊደላት እንዲቀረጹ ያዘዘው ልጄ ነው።

የጥሎሹ ዕለት ሻንጣው የተዘጋጀው እኔ ቤት ነው። ዕቃውን እየጠራ የሚያስረክበው አቶ በዳዳ የተባለ የሟች ባለቤቴ ወዳጅ ነበር፤ እሱም ባለፈው ሰኔ አርፏል። ዕቃውን አንድ በአንድ ሲለማመድ ቀለበቱ ጋ ደርሶ «ይህቺን ምን ብዬ ልጥራት?» አለኝ። ስሟን ነገርኩት።

«ሞይሳ… ምን? ወርቄ፣ የሳሙና ስም እኮ ነው የሚመስለው። እዚያ ቤት ‘ሌላስ? ይኸው ነው?’ እያሉ የሚያፋጥጡ ሴቶች ናቸው የሚጠብቁኝ። ምንድን ነው ቢሉኝ ምን ልመልስ?»

እኔ ልጄን ብቻዬን ነው ያሳደግኩት። ሰው ፊት ሲሳቅበት ታየኝ። «አልማዝ በላት፤ ማን ያውቃል» አልኩት። «አንቺ ካልሽ» ብሎ ሄደ። ማታ ሲመለስ ቀለበቷ ስትጠራ ቤቱ በእልልታ መድመቁንና ከዚያ በኋላ «ሌላስ?» ያለ ሰው አለመኖሩን ደስ ብሎት ነገረኝ። ልጄ በጥሎሹ ላይ አልነበረም፤ ኪያም እንደ ወጉ በውስጥ ክፍል ነበረች። ስለዚህ ሁለቱም ምን እንደተባለ አልሰሙም። ኪያ እናቷ የድንጋዩን ዓይነት እንደምታውቅ አድርጋ እንደምታስብ እገምታለሁ።

ኪያ ጥቅምት 21 ቀን ወንድ ልጅ ወልዳ እናቷ ቤት፣ አያት ኮንዶሚኒየም፣ እየታረሰች ትገኛለች። እናቷ ወ/ሮ ሙሉጌጥ ከበበ የአሁኗ አቤቱታ አቅራቢ ናት። ኪያ በእርግዝናዋ ወራት ጣቷ አብጦ ቀለበቱ ስለጠበባት ለእናቷ ሰጥታት ነበር። ወ/ሮ ሙሉጌጥም ለክርስትናው እንዲደርስ ኅዳር 10 ቀን ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ ለሚሠራው ለቶፊቅ እንዲያሰፋው ሰጠችው፤ ኅዳር 13 ቀንም ተቀበለችው። ይህን የማውቀው ከራሷ ከወ/ሮ ሙሉጌጥ ሰምቼ ነው።

ኅዳር 14 ቀን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ለአራሷ አጥሚት ይዤ ሄድኩ። ወ/ሮ ሙሉጌጥ ወደ ማድ ቤት ጠርታኝ በሩን ዘጋች፤ ድምፃችን እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተች።

«እትዬ ወርቄ፣ ተዘርፈናል» አለችኝ።

«ምን ተዘረፍን?»

«ቀስ ይበሉ፣ ትሰማለች። ቀለበቷን ነዋ። ያ ቶፊቅ የተባለው ድንጋዩን ለውጦታል። ይዩት እስኪ፣ በፊት እንዲህ ነበር? ቀይና አረንጓዴ ሲረጭ፣ የጭፈራ ቤት መብራት ነው የሚመስለው።»

«አጥቦት ይሆናል» አልኩ።

«እጥበት ድንጋይ ይቀይራል እንዴ? እኔ እኮ በጥሎሹ ማግስት ወስጄ አስፈትሼዋለሁ። ሰውዬው ብዕር በምታክል መሣሪያ ሲነካው ጢጥ አለ፤ አልማዝ ነው አለኝ። ለኪያ አልነገርኳትም፤ አማቶቼን ጠረጠረች ብላ ትቀየመኛለች። ለእርስዎም ዛሬ ባልነግርዎ ደስ ባለኝ።»

ቀለበቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ደቂቃ ቶፊቅን ጠርጥሬዋለሁ፤ ሞይሳናይቱን አውጥቶ ብርጭቆ ቢያስገባበትስ ብያለሁ። አጉሊ መነጽሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከጎን አዘንብዬ ሳየው መስመሮቹ መገናኛ እንዳየኋቸው ድርብ ናቸው። ሁለቱ ፊደላትም በቦታቸው አሉ፤ ለማስፋት ወርቁ የተቆረጠውና የተጨመረው ከእነሱ በተቃራኒው በኩል ነው። የተለወጠው ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ የነበረው ቅባት መነሣቱ ብቻ ነው። በጋብቻው ዓመት ውስጥ ኪያ ቀለበቱን ስታጥብ አንድም ቀን አላየሁም፤ ለእናቷ የሰጠቻትም ደብዝዞ እንዳለ ነው።

መርማሪው፣ «ታዲያ መጀመሪያ የተፈተሸበት መሣሪያ ለምን አልማዝ አለ?» ብለው ጠይቀውኛል። በስልኬ ካነበብኩት የተረዳሁት፣ አንዳንዱ መሣሪያ የሚለካው ድንጋዩ ሙቀት እንዴት እንደሚያስተላልፍ ብቻ መሆኑን ነው። በዚህ ረገድ ሞይሳናይትና አልማዝ ስለሚቀራረቡ ሁለቱንም አልማዝ ይላቸዋል። ኤሌክትሪክም የሚለካው አዲሱ ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይለያቸዋል። እኔ ባለሙያ ስላልሆንኩ ይህ በባለሙያ እንዲረጋገጥ እጠይቃለሁ። ሻጯ ኢልሃምም በሱቋ ስለምትገኝ ትጠየቅ።

በዚያ ማድ ቤት ውስጥ ማለት የነበረብኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። እሱን ትቼ «ተረጋጊ፣ አትቸኩዪ» አልኳት። ወ/ሮ ሙሉጌጥ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ምን እንዳየችበት አላውቅም፤ ቀለበቱን ግን ከእጄ ወሰደችው። በማግስቱ ሌላ ሱቅ ወስዳ በአዲሱ ዓይነት መሣሪያ አስፈተሸችው። ማታ ደውላ «አላልኩዎትም? አልማዝ አይደለም ብለውኛል» አለች። ያን ጊዜም እውነቱን ሳልነግራት ስልኩን ዘጋሁ። ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን ቶፊቅ ተያዘ።

ልጄ ነአምን ጂንካ አካባቢ የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ስልኩ ብዙ ጊዜ አይሠራም። እኔም አጥብቄ አልፈለግኩትም፤ ማነው አልማዝ ያለው ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ፈርቻለሁ። ኪያን የጠየቃት ሰው የለም፤ አራስ ክፉ ወሬ አይነገራትም ተብሎ እናቷም፣ ጎረቤቱም፣ እኔም አፋችንን ይዘን ነበር። አንዲት ቃል ብትጠየቅ ኖሮ «ሞይሳናይት ነው፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት» ትል ነበር። እኔም አራሷ እንዳትረበሽ እያልኩ ራሴን መደበቄን አውቃለሁ።

ትናንት ረቡዕ ጠዋት ወደ ቶፊቅ ሱቅ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ወርቃቸውን ለሥራ የሰጡ ሴቶች ደጁ ላይ ቆመው ሚስቱን ከበዋታል። አንዷ «የኔ ጉትቻ የእናቴ ነው፤ እሱንም ለውጦት ከሆነስ?» አለች። ሚስቱ «ነገ ይመጣል፣ የሁላችሁም ዕቃ በካዝናው አለ» ስትላቸው ሌላዋ «ትናንትም ነገ ነበር ያልሽው» ብላ መለሰችላት። ሚስቱ የማታውቀኝ ሰው መሆኔን አይታ «እርስዎስ እናቴ፣ ምን ሰጥተውት ነበር?» አለችኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ሄድኩ።

ከዚያ የነፍስ አባቴን ለማግኘት ወደ እንጦጦ ዳገቱን ጀመርኩ። ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ላይ ለማረፍ ስቀመጥ ግን ለእሳቸው ብነግር ምስጢር ሆኖ እንደሚቀርና ለቶፊቅ ምንም እንደማይፈይድለት አሰብኩ። ተመልሼ ቤቴ አደርኩ፤ ዛሬ ጠዋት እዚህ መጣሁ።

መርማሪው ቶፊቅን አውቀው እንደሆነና ከእሱ የማገኘው ጥቅም ካለ ጠይቀውኛል። አላውቀውም፤ ፊቱንም አይቼ አላውቅም። ይህን ቃል በመስጠቴ ከልጄ፣ ከምራቴና ከእናቷ ጋር ሊፈጠር የሚችለውን ቅያሜ አስቤበት እንደሆነም ጠይቀውኛል። አስቤበታለሁ። ክርስትናው ኅዳር 30 ቀን ነው፤ አትምጪ ብባል እንኳ የተናገርኩት አይለወጥም። ወ/ሮ ሙሉጌጥ አቤቱታዋን ያቀረበችው የሰማችውንና በመሣሪያ የታየላትን አምና ስለሆነ በሐሰት ከሰሰች እንዳትባል አሳስባለሁ። የሰማችው ቃል የኔ ነው።

መርማሪው ቃሌን ሊያነቡልኝ ሲሉ ራሴ አነብባለሁ ብዬ በአጉሊ መነጽሬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። በአንድ ቦታ ላይ «በስህተት አልማዝ ተብሎ» ተብሎ ተጽፎ ስላገኘሁት እንዲሰረዝ ጠይቄ፣ «እኔ እንዲህ በል ስላልኩ» ተብሎ ተስተካክሏል። ከዚህ ውጭ የሚጨመርም የሚቀነስም የለውም። የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ ተረድቼ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወርቄ ዘነበ
የመርማሪ ፊርማ፦ ረ/ኢንስፔክተር ሰላሙ ጉደታ

ይህ ቃል የሚደርሳቸው፦
ጉዳዩን ለያዘው ዐቃቤ ሕግ፣ ተጠርጣሪው እንዲለቀቅ ከሚጠይቅ የምርመራ ማስታወሻ ጋር፤
ለአቤቱታ አቅራቢዋ ለወ/ሮ ሙሉጌጥ ከበበ፣ በራሷ በምስክሯ ጥያቄ፣ ምስክሯ ፊት ለፊት በተቀመጠችበት የሚነበብ።