በፍተሻ ክፍል ወደ ኋላ ስለሄደችው ነጭ መኪና

ቃል ሰጪ፦ በሥራ ቦታዋ «እትዬ ቮልት» እየተባለች የምትጠራ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ በኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ የባትሪ ገጠማ ክፍል ኃላፊ
አድራሻ፦ ከፋብሪካው ጀርባ፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ከተጎጂው ጋር ያላት ዝምድና፦ ታናሽ እህት
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ፣ የካቲት 14፣ ጠዋት

የፋብሪካው የፍተሻ ኃላፊ በሆነው ታላቅ ወንድሜ ላይ ማክሰኞ ዕለት ስለደረሰው የእግር ስብራት ተጠይቄ፣ ያየሁትንና የሰማሁትን እንደሚከተለው አስረድቻለሁ።

የእኔ ክፍል ባትሪ ይገጥማል። ባትሪው እንደ ፍራሽ ጠፍጣፋ ሆኖ ከመኪናዋ ወለል ሥር የሚገባ ሲሆን፣ በማንሻ ከታች ወደ ላይ ተገፍቶ በብሎን ይታሰራል። ከዚያም የማቀዝቀዣው ፈሳሽ የሚያልፍባቸው ቱቦዎችና ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያልፍባቸው ብርቱካንማ ወፍራም ገመዶች ይገናኛሉ። እነዚያን ገመዶች ያለ ጓንት የሚነካ ሰው ካየሁ አዳራሹን በጩኸት ስለማናጋው ነው ቅጽል ስሙ የወጣልኝ። መኪናዋ ከእኔ ክፍል ወደ ሙከራ፣ ከሙከራ ወደ ፍተሻ ታልፋለች። ሦስቱም ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስለሆኑ ከቆምኩበት ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።

በቁጥጥር ሥር የዋለው ወጣት የሙከራ ሹፌር ነው። መኪኖቻችን የሚከፈቱት በስልክ ሲሆን፣ ስልኩን ሲጫኑት ደግሞ መኪናዋ ሹፌር ሳይኖርባት ከቆመችበት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቀስ ብላ ትወጣለች። ይህ የተሠራው መኪናውን ጠባብ ቦታ አቁሞ በሩን መክፈት ለሚያቅተው ሰው ነው። በእኛ አሠራር ሹፌሩ አንዲትን መኪና ለፍተሻ ሲያስረክብ ወዲያውኑ ከስልኩ ላይ ይሰርዛታል። ከዚያ በኋላ መኪናዋ እሱን አትሰማም።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሹፌሩ አንዲት ነጭ መኪና አስረከበ። ወንድሜ የኋላ መከላከያዋ በአንድ ጎን ክፍተት እንዳለው አይቶ እንዲፈታ አዘዘ። ሹፌሩ መኪናዋን ከስልኩ ሊሰርዝ ሲል ወንድሜ «ተዋት፣ አትሰርዛት፤ ሳስተካክል መልሰህ ትነዳልኛለህ» አለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሹፌሩ «ጋሼ፣ ደንቡ እኮ…» ብሎ ሲጀምር ወንድሜ «ደንቡን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» ብሎ አፉን አስያዘው። ወንድሜ እንዲህ ነው፤ ቤትም እንዲሁ ነው።

መሰናክል የሚለዩት መሣሪያዎች ያሉት መከላከያው ላይ ነው። መከላከያው ሲፈታ መኪናዋ ከኋላዋ ያለውን ነገር የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ገና ከሙከራ አሠራር ስላልወጣች ደግሞ አንድ ነገር ቢጎድላትም አልንቀሳቀስም አትልም። ወንድሜ ከኋላዋ፣ በእሷና በግድግዳው መካከል፣ ቁጢጥ ብሎ ይሠራ ነበር።

በዚህን ጊዜ ሹፌሩ በግቢው በኩል ባለው በር ላይ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ቆሟል። ውጭ ሌላ ነጭ መኪና ስለነበረች እሷን ወደ በሩ ሊያስጠጋ ስልኩን ሲነካካ አይቼዋለሁ። የውጭዋ አልተንቀሳቀሰችም። እሱም ወደ ውጭ እያየ «ነይ እንጂ የኔ እመቤት፣ ምን ያኮራሻል?» ሲላት ሰምቼ ስቄያለሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ከኋላዬ የወንድሜን ጩኸት ሰማሁ። የፍተሻዋ መኪና ኮቴዋ ሳይሰማ ወደ ኋላ ሄዳ እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቃዋለች። ሹፌሩ ዞሮ ሲያይ ክው ብሎ ቀረ። ከዚያ ስልኩን ወርውሮ ወደ መኪናዋ ሮጠ፤ መኪናዋን አጥፍቶ በትከሻው የገፋትም እሱ ነው። እኔ ምንም አልረዳሁም።

በዋዜማው በመመገቢያ አዳራሽ ጠብ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅኩት፣ አዎ ነበር። ሹፌሩና የወንድሜ ልጅ ሊጋቡ ይፈልጋሉ። ወንድሜ ሰው ሁሉ እየሰማ «እኔ በቁሜ ልጄን አታገኛትም» ብሎታል። ሹፌሩም «እናያለን» ብሎ ሳህኑን አንስቶ ሄዷል። ሠራተኛው ይህንኑ ይዞ ሆን ብሎ ነው የገጨው እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን ሹፌሩ በስልኩ ላይ ካሉት ሁለት ነጭ መኪኖች የፍተሻዋን ተሳስቶ እንደነካ እንጂ ሰው ለመጉዳት እንዳልነካ እመሰክራለሁ። ሊገጭ የፈለገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሌላዋን መኪና አያቆላምጥም።

አሁን የምናገረውን መርማሪው አልጠየቀኝም። ትናንት ማታ ሆስፒታል ሄጄ ለወንድሜ ብርቱካን እየላጥኩለት ሳለ «አትሰርዛት ያልኩትን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ዋጥ አድርጊው። ልጁ ትንሽ ይታሰር፣ ልጄም ትረሳዋለች» አለኝ። ብርቱካኑን ሰጥቼው ወጣሁ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ፣ ፋብሪካውም ያስገባኝ እሱ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እወደዋለሁ፤ ይህም እንዲጻፍ ጠይቄያለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ አድምጫለሁ። እኔ ያልኩት ነው፤ ለወንድሜም ለሹፌሩም ብዬ የጨመርኩትም የቀነስኩትም የለም። ከዚህ የምሄደው ወደ ሆስፒታል ስለሆነ፣ የሰጠሁትን ቃል ከሰው አፍ ከመስማቱ በፊት እኔው እንድነግረው መርማሪው እስከ ከሰዓት እንዲታገሠኝ ለምኜ ፈቅዶልኛል። ምሳውን ይዤለታለሁ፤ ከእጄ ይቀበለኝ እንደሆነ አላውቅም።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ _______
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ _______