የሚካኤል ዕለት ፎቶ

ከጣሊያን ደሴቶች ጉብኝት በተመለስኩ በሳምንቱ አያ ካሴ ከመንደራቸው ከድብ ባሕር ተነሥተው ፀዳ ከተማ እቤቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው በጀልባ ወደ ጣሊያን ሲሻገር እዚያው እኔ የጎበኘሁት ባሕር ላይ ሰምጧል። መርዶው ደረሳቸው እንጂ የሞተበትን ቀን የነገራቸው የለም።

«ባሕሩን አሳየኝ እስቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

ስልኬን ሰጠኋቸው። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጫጭ ቤቶች፣ ጥግ ላይ አይስክሬም ይዤ የምስቀው እኔ።

«ሸጋ ነው» አሉ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ «ይኸን መቼ አነሣኸው?»

«የሚካኤል ዕለት።»

«እንግዲያ ቀኑን የሚነግረኝ ከሌለ፣ አርባውን ከዚሁ ከሚካኤል እንቆጥርለታለን። ተዝካሩን ሳላወጣለት እንዳልሞት ነበር የፈራሁ።»

እኔ የተዝናናሁበት ቀን ነው ልል አፌን ከፈትኩና ስልኬን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

በተዝካሩ ዕለት ካህኑ የልጁን ስም ሲጠሩ፣ የአይስክሬሙ ጣዕም አፌ ውስጥ መጣብኝ።