የግመል ነጂው ወሬ

ከልጅ ልጆቼ ጋር ዓሣ ልናጠምድ ከአዋሽ ወደ ገመሪ ሐይቅ የምንሄድበትን ጉዞ ያቀድኩት እኔ ነኝ። መንጠቆውንም የውሃውን ጀሪካንም ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ሰመራን እንዳለፍን ሾፌራችን አሊ መኪናውን አቁሞ ከአንድ ግመል ነጂ ጋር ዳጉ ያዘ፤ አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይለያይም። ሃያ ደቂቃ ሞላ። «አሊ፣ ፀሐይ ጨረሰን እኮ» አልኩት። «አባባ፣ ዳጉ አይቋረጥም። ለመሆኑ ልጆቹን የት ሊያስቀምጧቸው አስበዋል?» «ሐይቁ ዳር ያለው ትልቁ ዛፍ ሥር ነዋ።» «ውሃው ሞልቶ እዚያ ደርሷል። ሰውየው ከዚያ ነው የመጣው፤ ትናንት ከዛፉ ሥር አዞ ፍየል ወስዷል ይላል።»

ከመኪናው ወርጄ የሰውየውን እጅ ይዤ አመሰገንኩት። እሱ ግን እጄን ሳይለቅ «አንተስ ምን ወሬ ይዘሃል?» አለኝ።

«ስድስት የልጅ ልጆች አሉኝ» አልኩት፤ «ስድስቱም ደህና ናቸው።»